የአልቢ ካቴድራል፦ የጡብ ግድግዳ እንደ ታሪክ ማስረጃ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ታርን በተባለው ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የአልቢ ከተማ ከሩቅ ስትታይ ከቤቶቿ ሁሉ በላይ አንድ ግዙፍ ቀይ ግንብ ጎልቶ ይታያል። ስለ ሕንፃው አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ምሽግ ነው ብሎ ቢገምት አያስደንቅም። ግድግዳው ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ ከሥር እስከ ላይ ጌጥ የሌለበት ወጥ ነው፤ መስኮቶቹ ረዣዥምና ጠባቦች ናቸው፤ በየመካከላቸውም እንደ ከተማ ቅጥር ማማ የተጠጋጉ ድጋፎች ወጥተው ይታያሉ። ይህ ሕንፃ ግን በቅድስት ሲሲሊያ ስም የታነጸ ካቴድራል ነው። ርዝመቱ 113 ሜትር፣ ስፋቱ 35 ሜትር፣ የደወል ማማው ከፍታ 78 ሜትር ሲሆን፣ በጡብ ከተሠሩት የዓለም ካቴድራሎች ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል።

የጸሎት ቤት የምሽግ መልክ ሊይዝ የቻለበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የመሠረቱ ድንጋይ ከመጣሉ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በአካባቢው ከነበረው ሁኔታ መነሣት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕንፃው በፊት

በ12ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ፈረንሳይ ካታር የተባሉ ምእመናን እየበዙ ሄዱ። ትምህርታቸው በሁለት ተጻራሪ ኃይሎች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ መንፈሳዊው ዓለም የመልካሙ፣ ግዙፉና የሚታየው ዓለም ደግሞ የክፉው ሥራ ነው ይሉ ነበር። በመሆኑም የሮማን ቤተ ክርስቲያን ምሥጢራትና ሥልጣነ ክህነት አልተቀበሉም፤ ለመስቀልም አልሰገዱም። መምህራኖቻቸው ሥጋ ሳይበሉና ሀብት ሳያከማቹ ይኖሩ ስለነበር ሕዝቡ የእነርሱን ኑሮ ከጳጳሳቱ ምቾት ጋር ማነጻጸሩ አልቀረም። እነዚህ ሰዎች በከተማይቱ ስም «አልቢጃውያን» ተብለው ይጠሩ እንጂ ከአልቢ ውጭም በሰፊው ይገኙ ነበር።

በ1208 የጳጳሱ መልእክተኛ ከተገደሉ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሴንት ሣልሳዊ የመስቀል ጦርነት አወጁ። በ1209 ከሰሜን የመጣው ሠራዊት የቤዚየ ከተማን ይዞ ነዋሪዎቿን ፈጀ። ጦርነቱ እስከ 1229 የዘለቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በፓሪስ የተፈረመው ስምምነት የደቡቡን አገር ለፈረንሳይ ዘውድ የሚያስገዛ መንገድ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከጦረኞች ወደ ሃይማኖት መርማሪዎች ተላለፈ። ሕዝቡ መርማሪዎቹን እንዴት ይመለከታቸው እንደነበር ለመረዳት በ1234 በአልቢ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ አንድ መርማሪ በኑፋቄ የተከሰሰን ሙት አስከሬን ከመቃብር ለማስወጣት ሲሞክር የከተማው ሰው ተነሥቶ ደበደበው።

በርናር ደ ካስታኔ በ1276 የአልቢ ጳጳስ ሆነው የተሾሙት በእንዲህ ያለ ከተማ ነበር። ጳጳሱ የመንበሩ መሪ ብቻ አልነበሩም፤ የከተማይቱ ጌታ፣ ዳኛና የኑፋቄ መርማሪም ነበሩ። ነሐሴ 15 ቀን 1282 የካቴድራሉ ሥራ ሲጀመር ጳጳሱና የካቴድራሉ ካህናት ከገቢያቸው የተወሰነ ድርሻ ለሃያ ዓመታት ለግንባታው መደቡ። ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በ1299 እና በ1300 በርካታ የአልቢ ባለጸጎች በኑፋቄ ተከሰው ተፈረደባቸው። የነዋሪው አቤቱታ እየበዛ ሄደ፤ ጳጳሱም በ1308 ወደ ሌላ ሀገረ ስብከት ተዛወሩ። ግድግዳው ግን መነሣቱን ቀጠለ።

ስለ ጡቡ

በአካባቢው ለግንባታ የሚሆን የሸክላ አፈር ሞልቷል፤ ጥሩ ድንጋይ ግን ከራቅ ያለ ስፍራ መምጣት ነበረበት። የዚያ አገር ጡብ ሰፊና ቀጭን ነው። በቅርጽ ወጥቶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በእሳት ከተጠበሰ በኋላ በኖራ ይያያዛል። አንዱን ጡብ አንድ ሰው አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ የጠራቢ ባለሙያ እጅም አይጠይቅም። ስለሆነም ሥራው ፈጣን፣ ወጪውም ከድንጋይ ይልቅ ያነሰ ነው። ለውጡን በዓይን ለማየት ከካቴድራሉ ጥቂት ርቆ ወደሚገኘው የቅዱስ ሳልቪ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይበቃል፤ የሕንፃው የታችኛው ክፍል ነጭ ድንጋይ፣ የላይኛው ቀይ ጡብ ነው። አንዱ ሕንፃ ሁለቱን ዘመናት ደራርቦ ይዟቸዋል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች የካቴድራሉ ውጫዊ ገጽ ጌጥ ማጣት ለካታሮች ወቀሳ የተሰጠ መልስ ነው ይላሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ጡብ እንደ ድንጋይ ለቅርጻ ቅርጽ እንደማይመች መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ ከታሰበበት ትሕትና የመጣውን ከዕቃው ጠባይ ከመጣው መለየት ያስፈልጋል። ስለ ምሽግነቱም እንዲሁ ነው። እውነተኛው ምሽግ ከካቴድራሉ ጎን ያለው ቤርቢ የተባለው የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ በሠዓሊው ቱሉዝ ሎትሬክ ስም የተሰየመ ቤተ መዘክር ነው። የካቴድራሉ ግንብ ከመዋጋት ይልቅ ለመታየት የቆመ ይመስላል። በምዕራቡ በኩል ከማማው ሥር በር የለውም፤ ሰው የሚገባው በደቡብ በኩል፣ ከፍ ያለ ደረጃ ወጥቶ ነው።

የአሠራሩ ብልሃት ለመምህራን ልዩ ጥቅም አለው። በመማሪያ መጻሕፍት የጎቲክ ሕንፃ ሲነሣ ምሳሌው ዘወትር እንደ ሻርትር ያለ የሰሜን ፈረንሳይ ካቴድራል ነው፤ ከውጭ በአየር ላይ የተዘረጉ የድንጋይ ቅስቶች ግድግዳውን ደግፈው ይታያሉ። በአልቢ እነዚያ ቅስቶች የሉም። ከ19 ሜትር ያህል ስፋት በላይ የተዘረጋው ቅስት ጣሪያ ግድግዳውን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል የሚያርፈው ወደ ውስጥ በዘለቁ ወፍራም የጡብ ድጋፎች ላይ ነው። በድጋፎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታም ሳይባክን ለትንንሽ የጸሎት ክፍሎች ውሏል። ውስጡ ዓምድ ያልከፋፈለው አንድ ትልቅ አዳራሽ በመሆኑ ሕዝቡ ሰባኪውን ያለ መሰናክል ማየትና መስማት ይችል ነበር፤ በስብከት ኑፋቄን ለማሸነፍ በተነሣ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የውስጡ መልክ

ካቴድራሉ የተባረከው ሚያዝያ 23 ቀን 1480 ነው። ያን ጊዜ ካታሮች ከጠፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ የጳጳሳቱም ፍላጎት ተለውጧል። ከውጭ ባዶ የሆነው ግንብ ከውስጥ በቀለም ተሞላ። ካህናቱ የሚቀመጡበትን ስፍራ ከሕዝቡ የሚለየው አጥር ከነጭ ድንጋይ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ ተሠራ፤ በዙሪያውም ባለቀለም ሐውልቶች ቆሙ። ጣሪያውን ከ1509 እስከ 1512 ከኢጣልያ የመጡ ሠዓሊዎች በሰማያዊና በወርቅ ቀለም ሣሉት።

በምዕራቡ ግድግዳ ላይ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሣለው የዳግም ምጽአት ሥዕል የተለየ ታሪክ አለው። ጻድቃን የሥራቸው መጽሐፍ በደረታቸው ተከፍቶ ይታያሉ፤ ከሥር ኃጥኣን እንደየኃጢአታቸው በየክፍሉ ይቀጣሉ። ነገር ግን የሥዕሉ መካከል የለም። በ1693 ወደ ማማው ሥር የሚያስገባ የጸሎት ክፍል ለመክፈት ግድግዳው በመበሳቱ ፈራጁ ክርስቶስ ጠፋ። ከሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶችም ዛሬ የሚታዩት ስድስቱ ናቸው። የጎደለው ስንፍና ነው፤ ይህን የሰሙ ተማሪዎች ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የአጥሩ ሐውልቶች በብዛት ወደሙ። አጥሩ ራሱ የዳነው ዣን ፍራንሷ ማርየስ የተባለ መሐንዲስ ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ጽፎ በመሟገቱ ነው።

ከ1849 ጀምሮ ጥገናውን የመራው ሴዛር ዳሊ የተባለው አርክቴክት ነበር። ዳሊ ጣሪያውን ከማደስ አልፎ ግድግዳውን ከነበረበት ብዙ ሜትር ከፍ አደረገው፤ በየድጋፎቹም ራስ ላይ ትንንሽ ማማዎች ጨመረ። ማማዎቹ ተቃውሞ ስላስነሡ በኋላ ተነሡ፤ የተጨመረው ግድግዳ ግን አለ። ስለዚህ በ2010 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው የአልቢ የጳጳሳት ከተማ ውስጥ ጎብኚው ቀና ብሎ የሚያደንቀው የ13ኛው መቶ ዓመት ምሽግ፣ ከላይ ያለው ክፍል የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው።