መጀመሪያ ቧንቧው፣ ቀጥሎ ገንዳው

ዲሴምበር 28 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. ኤች. ኤል. ሜንከን የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኒውዮርክ ኢቭኒንግ ሜይል ጋዜጣ ላይ ስለ ገላ መታጠቢያ ገንዳ አንድ ጽሑፍ አወጣ። እሱ እንደጻፈው የአሜሪካ የመጀመሪያው ገንዳ በ1842 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ ተተከለ። ከማሆጋኒ እንጨት ተሠርቶ ውስጡ በእርሳስ የተለበጠ፣ 800 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር። ሐኪሞች ለጤና ጠንቅ ነው ብለው ተነሡበት፤ ቦስተን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መታጠብን ከለከለች፤ ቨርጂኒያ ቀረጥ ጣለችበት። በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ዋይት ሐውስ ውስጥ አስገቡት፣ ተቃዋሚው ዝም አለ፣ ሕዝቡም ተከተለ።

ከዚህ ሁሉ አንዱም እውነት አልነበረም። ሜንከን በዓለም ጦርነት ወሬ የተሰላቸ አንባቢን ለማዝናናት የፈጠረው ጨዋታ ነው። በ1926 ራሱ ወጥቶ ፈጠራ መሆኑን ተናገረ፤ ወሬው ግን ከእሱ እጅ ወጥቶ ነበርና ከዚያም በኋላ ለዓመታት እንደ ታሪክ ሲጠቀስ ኖረ። (የሐሰት ዜና ከፌስቡክ ጋር የተወለደ የሚመስለን ሰዎች ይህን ልብ እንበል።)

ሰው ለምን አመነ? ታሪኩ ደስ የሚለን ዓይነት ስለሆነ ይመስለኛል። አላዋቂዎች ተቃወሙ፣ አንድ ትልቅ ሰው ደፍሮ ቤቱ አስገባ፣ ዘመን ተለወጠ። ሥልጣኔን በዕቃና በሹም የሚያስረዳ ታሪክ አጭርና ጣፋጭ ነው። እውነተኛው ታሪክ ግን መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ቃል በቃል። ዋይት ሐውስ ውሃ በቧንቧ የገባለት ከፊልሞር በፊት፣ በ1833 ነው። 1842ም ትልቅ ዓመት ነበር፣ ግን በሌላ ምክንያት፦ ከክሮተን ወንዝ እስከ ኒውዮርክ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የውሃ መስመር የተመረቀው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የከተማው ሰው የተበከለ ጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ በ1832 የገባው ኮሌራ ሺዎችን ፈጅቷል። በ1835 ደግሞ እሳት የከተማውን የንግድ ሰፈር አወደመ። ሕዝቡንና ነጋዴውን ለዚያ ሁሉ ወጪ ያስጨከነው ገላ የመታጠብ አምሮት አይደለም፤ በሽታና ቃጠሎ ነው። ገንዳው የመጣው ከኋላ፣ ቧንቧውን ተከትሎ ነው።

ዛሬ በየማስታወቂያው የምናየው፣ ከግድግዳ ተነጥሎ ክፍሉ መሐል የሚቆመው ገንዳ የቅንጦት ምልክት ሆኗል። በጥንቱ ዘመን ግን ብቻውን የቆመው የሚታሰርበት ቧንቧ ስላልነበረ ነው። ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፣ አገልጋይ ሙቅ ውሃ በባልዲ እያመላለሰ ይሞላዋል፣ ሲያበቃም እየቀዳ ይደፋዋል። አገልጋይ የሌለው ድሃ ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ ገንዳ ውሃ በየተራ ይታጠባል፤ በእንግሊዝ የሠራተኛ ሰፈሮች አባት ቀድሞ፣ ልጆች በመጨረሻ ነበር። ይህን የሩቅ ዘመን ጉዳይ አድርጋችሁ አትዩት። በ1951 በተደረገው ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ከሦስት ቤተሰብ ከአንዱ በላይ ቋሚ መታጠቢያ ገንዳ አልነበረውም። ያን ያህል ቅኝ ግዛት የነበራት አገር ናት።

በ1883 ዊስኮንሲን ውስጥ ጆን ማይክል ኮህለር የተባለ ብረት አቅላጭ የከብት ማጠጫ ገንዳ ወስዶ ነጭ ኢናሜል ለበጠው፣ አራት እግር ጨመረለትና ለመታጠቢያ ሸጠው። ድርጅቱ ዛሬም ያለ ነው። ቧንቧ በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ባለ እግሩ ገንዳ ተጠላ፤ ስለ ጀርም የተማረው ትውልድ ከሥሩ የሚጠራቀመውን እድፍ ፈራ። ከ1910ዎቹ ጀምሮ ገንዳው ከግድግዳ ጋር ተገጠመ፣ ጎኑም ተሸፈነ። ወደ ክፍሉ መሐል የተመለሰው ውሃውን ሁሉም ሰው ካገኘ በኋላ ነው፤ ለጌጥ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዲስ አበባ በገላ መታጠብ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት ብል አላጋነንኩም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራበት፣ ስሙም ወጣለት። በ1880ዎቹ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ግቢ ውሃ በቧንቧ አስገባ። ቁልቁል የወረደ ውሃ መልሶ ኮረብታ ሲወጣ ያየ ሁሉ ጉድ አለ። ከተማዋ የገፈርሳን ግድብ ያገኘችው ግን በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲን ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከግቢው ቧንቧ እስከ ገፈርሳ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የሜንከን ተረት እኛ ዘንድ ቢሞከር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥት ስለገባ ብቻ ሰፈር አልደረሰም። ጣሊያኖች ከሄዱ በኋላም «ባኞ ቤት» የሚለው ቃል ቀረልን፤ በብዙ ግቢ ውስጥ ባኞው የለም፣ ቃሉ ግን አለ።

ሰሞኑን ቤት እየጨረሰ ያለ ወዳጄ የሦስት ገንዳ ፎቶ ልኮ «የቱን ልውሰድ?» አለኝ። ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ቆንጆ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ውሃው ነው። ሰፈሩ በፈረቃ ነው የሚያገኘው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ገንዳ ለደንቡ 200 ሊትር ይፈልጋል፤ አሥር ጀሪካን ማለት ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ምሽት። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር 60 ዲግሪ ቢያሞቅና ከከተማችን ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቢደባለቅ፣ ለገላ የሚሆን 150 ሊትር ያህል ይወጣዋል፤ 50 ሊትሩማ 100 እንኳ አይሞላም። ክብደቱም አለ። ብረቱ 130 ኪሎ፣ ውሃው 200፣ ሰውየው 70 ቢሆን፣ 400 ኪሎ በአራት እግር ላይ ያርፋል። ፎቅ ላይ ከሆነ ሶሌታውን የሚያውቅ መሐንዲስ ይጠየቅ። አክሪሊኩ በጣም ይቀላል፣ ነገር ግን እንደ ብረቱ ሙቀት አይዝም። እጅና መወልወያ የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን ካልተተወ ሻጋታው ከኋላ ይበቅላል፤ የዛሬ መቶ ዓመት ሰዎች ባለ እግሩን የጣሉት በከንቱ አልነበረም።

ብዙ ቤት ያየሁት ገንዳ አፉ ተደፍኖ፣ ውሃ በመጣች ሌሊት ተሞልቶ፣ ጆግ ከጎኑ ተቀምጦ ነው። ቤተሰቡ ቆሞ እየቀዳ ይታጠባል። ኮህለር ማጠጫውን መታጠቢያ አደረገው፤ እኛ መታጠቢያውን መልሰን የውሃ ማጠራቀሚያ አደረግነው። ይህን የቤተሰብ ስንፍና የሚል ካለ አልስማማም። ነዋሪው ለውሃው እጥረት ያገኘው መፍትሔ ነው፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ገንዳ ለሚያስመጣው ነጋዴ ሳይሆን መስመር ለሚዘረጋው ክፍል ነው። በየዓመቱ ስንት ሕንፃ ተመረቀ ሲባል እንሰማለን፤ ስንት ኪሎ ሜትር የውሃ መስመር ተቀበረ የሚለው ግን ሪባን ስለማይቆረጥበት ዜና አይሆንም።

ለወዳጄ የመለስኩለት ይህ ነው፦ ብሩን መጀመሪያ በሁለተኛ ሮቶ፣ በፓምፕና በትልቅ ቦይለር ላይ አውለው። ከግድግዳ የተነጠለ ገንዳ ፍሳሹ በወለሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ሊሾው ሳይፈስና ሴራሚኩ ሳይነጠፍ ማስወገጃውን አስቀብር፣ አፉንም ክደነው። ገንዳውን ሰፈርህ ውሃ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ሲያገኝ ትገዛለህ።