ጥርስ ባዳ ነው፤ ስለ «ትሬይንስፖቲንግ» ፊልምና ስለ ዘመኑ

የሱስን መከራ እያሳዩ ማሳቅ ይቻላልን? ቢቻልስ ይገባልን? ዳኒ ቦይል እ.ኤ.አ. በ1996 «ትሬይንስፖቲንግ»ን ሲያወጣ የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ቦብ ዶል ፊልሙ ሄሮይንን ያስውባል ሲል ወቀሰ። ወቀሳውን ለመመዘን ግን ከፊልሙ በፊት ታሪኩን እንይ።

ታሪኩ የስኮትላንዷ ከተማ የኤዲንብራ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በታቸር ዘመን፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ወጣቱ ሥራ ፈቶ ሲውል ርካሽ ሄሮይን ከተማውን አጥለቀለቀው። ፖሊስ ሱሰኛውን እያሳደደ ሲሪንጁን ይቀማው ያዘ፤ መርፌ መግዛትም አስቸጋሪ ሆነ። መርፌ ጠፋ ማለት ግን ሱስ ጠፋ ማለት አይደለም! አንዱን መርፌ ብዙ ሰው ይወጋበት ጀመር። በ1986 የታተመ የሐኪሞች ጥናት በሚውርሃውስ ሰፈር ከተመረመሩት ሱሰኞች ግማሽ ያህሉ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ እንደተገኘባቸው ገለጠ። እንግዲህ ሱስን ለማጥፋት የተወሰደው እርምጃ ሞትን አዛመተ።

ከዚሁ ምድር የወጣው ደራሲ ኧርቪን ዌልሽ ልብ ወለዱን በ1993 በሰፈሩ አነጋገር ጻፈው። ጆን ሆጅ፣ ራሱም ሐኪም የነበረ ሰው፣ ለፊልም አዘጋጀው።

ድህነትን በሚያሳዩት የኬን ሎች ፊልሞች ካሜራው እንደ ምስክር ቆሞ ያያል። ቦይል ግን ይህን መንገድ ተወው። ካሜራው ወለል ላይ ይተኛል፣ ይሮጣል፣ ምስሉ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ተራኪውም ሱሰኛው ሬንተን ራሱ ነው። ሬንተን መድኃኒቱ አምልጦት የቆሸሸ ሽንት ቤት ውስጥ ሲገባ ከታች የሚጠብቀው ጥርት ያለ ሰማያዊ ባሕር ነው። ተመልካቹ አፍንጫውን ይዞ ይስቃል። መድኃኒቱ በዝቶበት ሲወድቅ ደግሞ ምንጣፉ እንደ መቃብር ይውጠዋል፤ ከላይ ለስላሳ ዘፈን ይሰማል። ያን ጊዜ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው የቶሚ ነገር ነው። ሬንተን ለቀልድ ያህል የቶሚን የግል ቪዲዮ ይሰርቃል። በዚህ ሰበብ ቶሚና ፍቅረኛው ይጣላሉ፤ ትተወዋለች። ስፖርተኛውና ጤነኛው ቶሚ ተስፋ ቆርጦ ሄሮይን ይለምናል፤ ሬንተንም ይሰጠዋል። መጨረሻው በቫይረሱ መሞት ነው። ያሳቀንና ያስለቀሰን አንድ ሰንሰለት ሆኖ አረፈ። ታዲያ ይህ ማስዋብ ነው እንዴ?

እኛ የዶልን ክስ አንቀበልም። ፊልሙ የሄሮይንን ደስታ ባይደብቅም ዋጋውንም አልደበቀም። ሱሰኛው የሚያገኘው ደስታ ከሌለ ለምን እንደሚመለስበት ማን ይረዳል? የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ቶሚ በምን እንደሞተ እናያለን፣ መርፌውን ማን እንዳስወደደው ግን ፊልሙ አይነግረንም። ጥፋቱ ሁሉ የጓደኛሞቹ ብቻ ይመስላል። ጥርስስ ባዳ ነው፤ ይስቃል። ስቀን ስናበቃ ግን ፊልሙ የተወውን ጥያቄ ታሪክን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።