ሳይቃጠል በቅጠል

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ፣ መርሳን አቋርጦ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ብዙ ታሪክ ያለው መንገድ ነው። በዚህ አቅጣጫ ጦር ወደ ሰሜን ዘምቷል፤ ከጦሩ ኋላም ቁስለኛ የሚያነሡ ሰዎች ተከትለዋል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኋለኞቹ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር አገራችን ቁስለኞችንና አካሚዎቻቸውን ከጥቃት የሚጠብቀውን የጄኔቫ ውል ተቀበለች። ጠላት ግን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድብ ሆስፒታሉን አልማረም፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ ቆረም አጠገብ የሰፈረውን የእንግሊዝ አምቡላንስ ጓድ በቦምብ መታ። የጓዱ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ከጦር ሜዳ ተርፈው አዲስ አበባ ገቡ። ሚያዝያ 25 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በወጡ ማግሥት፣ ዘረፋ በነገሠበት ጎዳና ቁስለኛ ሊያነሡ ቆመው ሳለ በጥይት ተመቱ፤ ከሁለት ቀን በኋላም አረፉ። ከአውሮፕላን ቦምብ የተረፉትን ሰው የገደላቸው የጎዳና ዘራፊ ነበር።

ለማዳን የቆመ ሰው ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠ ነው። ዛሬ በመርሳና በወልድያ መካከል አንድ አይሱዙ ቢገለበጥ ማን ቀድሞ ይደርሳል? የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ከዚያ የትራፊክ ፖሊስ፣ ከዚያም አምቡላንስ። በፍጥነት ከሚመጣው መኪና የሚጋርዳቸውስ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ አስፋልቱ ላይ የተጣለ ቅጠልና የተደረደረ ድንጋይ ብቻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ መርዳት እየቻለ በብርቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሚሄደውን ይቀጣል። እንግዲህ ሕጉ «ቁም፣ እርዳ» ይለናል። በቆምንበት ለሚገጨንስ ምን ይለዋል? በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ ከ1 እስከ 5 ዓመት በቀላል እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አሽከርካሪው ሰክሮ ወይም ግልጽ ደንብ ጥሶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ሟቹ ሌላውን ሊያድን መቆሙ ግን በአንቀጹ ውስጥ ቦታ የለውም።

በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1994 አደጋ ቦታ ላይ የነበረ አንድ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ በመኪና ተገጨ፤ ጥፋተኛ የተባለውም እርሱ ራሱ ነበር። በ1996 ግዛቲቱ አሽከርካሪዎች ወደ ቆመ አምቡላንስ ሲቀርቡ ፍጥነት እንዲቀንሱና መሥመር እንዲለቁ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች፤ እስከ 2012 ድረስ ሃምሳዎቹም ግዛቶች ተከተሏት።

«ቅጣት ማክበድ ሙት ያስነሣል ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አያስነሣም። እኔም የምጠይቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚመዘዝ ዱላ አይደለም። በትራፊክ ደንባችን «አደጋ ወደ ደረሰበት ቦታ ስትቀርብ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ራቅ ብለህ እለፍ» የሚል ትእዛዝ በማያሻማ ቃል ይስፈር፤ ማንም ሳይገጭ የጣሰውም ይቀጣ። ያን ጊዜ ትእዛዙን ጥሶ የገደለ፣ የወንጀል ሕጉ መሻሻል ሳያስፈልገው፣ «ግልጽ ደንብ የጣሰ» ተብሎ ለከባዱ ቅጣት ይዳረጋል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ገበሬው የራሱን ቅጠል አስፋልቱ ላይ ጥሏል፤ የቀረው የሕግ አውጪው ድርሻ ነው።

ቸር ይግጠመን።