የነጋድራሱ ሒሳብ

ድሬ ዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1902 ከተራራው ሥር ቆመ፤ የቆመበትም ቦታ ከተማ ሆነ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አዲስ አበባ ለመቀጠል ዓመታት ፈጀበት። ለዚህኛው መዘግየት ተራራው ተጠያቂ አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሲሰጡ ጉዳዩ ከግል ኩባንያ ጋር ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ድጎማ ሊሰጠው ተዋዋለ። ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ፤ ለነጋዴ የሰጡት ሐዲድ በባዕድ መንግሥት እጅ ሊገባባቸው ነውና። ሥራው ቆመ፣ ኩባንያውም ከሰረ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም ሲከፋፈሉ ባቡሩም የውላቸው አካል ሆነ።

በ1908 መጀመሪያ የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት ኢትዮጵያ በሚገባው ዕቃ ላይ ከመቶ 10 በላይ ቀረጥ መጣል አትችልም። ሌሎች መንግሥታትም «ለአንዱ የተፈቀደ ለእኛም» እያሉ የዚሁ መብት ተካፋይ ሆኑ። በዚያው ወር ለባቡሩ አዲስ ፈቃድ ወጣ፤ ሐዲዱም በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ትምህርት ቤት ስለ ባቡሩ ተምሬአለሁ። ስለ ቀረጡ የነገረኝ አስተማሪ ግን አላስታውስም።

ድሬ ዳዋ ላይ ይህን ቀረጥ ከሰበሰቡት ሹማምንት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። ትግራይ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ወጥተው፣ አውሮፓ በጀርመንኛ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1919 ሲሞቱ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመላቸው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ መጽሐፉን ያነሣሁትም ለቋንቋው ብዬ ነበር። ለምጣኔ ሀብት የተዘጋጀ የአማርኛ ቃል በሌለበት ዘመን አንድ ሰው ስለ ንግድ እንዴት ያስባል? ገብረ ሕይወት መልሱን ከገበሬው ጉልበት ያገኙታል። ቡናና ቆዳ ልከን ጨርቅና መሣሪያ ስንገዛ፣ የሚለዋወጠው ብር ብቻ ሳይሆን የሰው የሥራ ቀን ነው ይላሉ። ዕውቀትና መኪና ያለው ሠራተኛ በጥቂት ቀን የሠራውን፣ ባዶ እጁን የቀረው ገበሬ በብዙ ቀን ድካም ይገዛዋል። ስለዚህ ንግዱ በሰፋ ቁጥር ጉዳቱም ሊሰፋ ይችላል፤ ባቡሩ ደግሞ ንግዱን የሚያሰፋ ነው። ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ጥሬ ዕቃ ሻጭ አገሮች በንግዱ ለምን እንደሚጎዱ በየፊናቸው የጻፉት መጽሐፉ ከታተመ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በእርግጥ የእነርሱ መከራከሪያ በዋጋ አኃዝ የቆመ ነው፤ የነጋድራሱ ግን በጉልበት። «ቀደምናቸው» ብሎ መፎከሩ ብዙም አይጥመኝም።

የማልስማማበትም አለ። ነጋድራሱ ዕውቀትን ከሁሉ በላይ ከማስቀመጣቸው የተነሣ፣ አንዳንዴ ድኻው በድኽነቱ የተወቀሰ ይመስላል። ነገር ግን በየቦታው የተተከለው ኬላ የገዛ አገሩን ነጋዴ እንደሚያደኸየውም ያውቃሉ። የውጭውን ብቻ ከሰው የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

በ2016 በቻይና ኩባንያዎችና በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፈተ። ወጣት ሴቶች እዚያ የሰፉት ሸሚዝ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። ቀረጡን ያነሣችው ዋሽንግተን ናትና፣ ጦርነቱ ሲመጣ መልሳ የጣለችውም እርሷው ናት። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር።

የምኖርበት ከተማ ሱቅ ውስጥ አንገቱ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል የተሰፋበት ሸሚዝ አንድ ቀን አገኘሁ። ዋጋውን ካየሁ በኋላ የነጋድራሱን ሒሳብ ልሠራ ሞከርኩ፦ ይህን ሸሚዝ ለመግዛት እኔ ስንት ሰዓት እሠራለሁ? የሰፋችውስ ልጅ?