ጠብቆና ላልቶ

የአማርኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጽፈው «አንብቧት» ይሉን ነበር። ቃሏ «ገና» ናት። ግማሹ ክፍል እንደ በዓሉ ያነባታል፤ ግማሹ ደግሞ «ገና አልደረሰም» እንደሚባለው። መምህራችን ፈገግ ይሉና «ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ጠብቃ ስትነበብ በዓል ናት፤ ላልታ ስትነበብ ያልደረሰ ነገር ናት። ፊደሏ ያው ነው፤ ለውጡ መጥበቋና መላላቷ ላይ ነው» ይሉናል። ያኔ ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት የመጥበቅና የመላላት ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም የገና በዓል ዋና ማክበሪያ ወደ ሆነችው ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ጓደኛዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት የተራራ ብስክሌቶች መኪና ላይ ጭነን ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሐሳባችን ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለውን 64 ኪሎ ሜትር በብስክሌት መሄድ ነበር። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነው። ከጋሸና ደጋ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ወደ ላሊበላ ይወጣል። ከሁለታችን «እጁ ይሠራል» የሚባለው እኔ ስለ ሆንኩ ብስክሌቶቹን አዲስ አበባ ላይ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ጋሸና ደርሰን ስናወርዳቸው ጓደኛዬ «አጥብቀኸዋል አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። «እንዴታ! እስኪጮህ ነው ያጠበቅኩት» አልኩት። አሁንም ያቺ «እንዴታ» ታሳፍረኛለች።

ቁልቁለቱን ጀምረን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ደረስን። ጓደኛዬ ከፊቴ ነው። መሪውን ወደ ግራ አዞረው፤ የፊት ጎማው ግን አልታዘዝ አለው። እጁ ወደ ግራ፣ ጎማው ቀጥታ ወደ ገደሉ። ከአፋፉ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ድንጋይ አገኘውና ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ድንጋዩ እዚያ ባይኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

ብስክሌቱን አንሥቼ አየሁት። መሪውን ከፊት ጎማው ዘንግ ጋር አንቀው የሚይዙት ሁለት ብሎኖች በጣት ይዞራሉ። አልተሰበሩም፤ ጥርሳቸው አልተበላም፤ አልዛጉም። እንዲያው ላልተዋል።

በማግስቱ ጓደኛዬ ላሊበላ ላይ እጁ በጄሶ ታስሮ ተኛ። እኔ ፊቱን ማየት ስላቃተኝ በቅሎ ተከራይቼ ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። በቅሎዋን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ትንሽ እንደ ሄድን ቆም አሉና «ልጄ፣ እስቲ ውረድ» አሉኝ።

«ምነው አባቴ፣ ደከመች እንዴ?»

«ኧረ ምን ደክሟት! ኮርቻውን ላጥብቀው ነው።»

«ታች ስንነሣ አጥብቀውት የለም እንዴ?»

ሳቁብኝ። «በቅሎ ስትጫን ሆዷን ትነፋለች። ያን ጊዜ የጠበቀ ይመስልሃል። ጥቂት ስትሄድ ትንፋሿን ትለቃለች፤ ጠፍሩም ይላላል። አቀበቱ ሳይጀምር እንደገና ያላጠበቀ ሰው ኮርቻውን ይዞ ከሆዷ ሥር ይገኛል።»

እኔ የቴክኒክ መጽሐፍ የማነብ ሰውዬ አፌን ይዤ ቀረሁ። ጓደኛዬን የጣለው የእኔ ማጥበቅ ማነስ አይደለም። አንድ ጊዜ አጥብቄ፣ ስድስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር መኪና ላይ አንቀጥቅጬ፣ ተመልሼ ሳላይ «ጠብቋል» ማለቴ ነው።

ላስታን ያየ እንግዳ ሁሉ ይህን ትምህርት በአንድም በሌላም መንገድ ሳይማረው አልቀረም። በ16ኛው መቶ ዓመት የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል፤ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ፈርቶ የጻፈው እውነት መሆኑን እስከ መማል ደርሷል። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ መጣች። ይህች ሴት በ1963 እ.ኤ.አ. ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት በመሄዷ የታወቀች ናት። ወደ ኢትዮጵያ ተራሮች ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ ዕቃዋን በበቅሎ አስጫነች። ከምፅዋ ተነሥታ በላሊበላ በኩል እስከ አዲስ አበባ ተጓዘች፤ በመጽሐፏ ርእስ ላይም በቅሎዋን አነሣች። ለዚህ አገር ድንጋይ የሚሆን ብስክሌት በዚያ ዘመን ገና አልተሠራም ነበርና አልተሳሳተችም። (እዚህ ላይ «ገና» ላልቶ ይነበብ።)

ብስክሌትማ በአገራችን ነበረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋና መንገድ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ እስከ አሥመራ ሲዘልቅ የመኪናና የብስክሌት ቃላትም አብረው ገቡ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ካቴና ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ማለትም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እነ ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ላይ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ልብ በሉ፤ የዕቃዎቹን ስም ከውጭ ብንዋስም «ጠበቀ» እና «ላላ» የሚሉትን ግሦች ከማንም አልተዋስንም። ከቋንቋችን ሥር ያሉ የራሳችን ናቸው። የበቅሎው ሽማግሌ ብሎን ነክተው አያውቁ ይሆናል፤ መላላትን ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የተራራ ብስክሌት ታሪክም ራሱ የሚጀምረው ከዚሁ ነገር ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ማሪን በሚባለው አካባቢ ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠጋገኑ አቧራማ ቁልቁለት ላይ መወዳደር ጀመሩ። ቁልቁለቱ ከመክፋቱ የተነሣ የኋላ ፍሬኑ ይግልና ውስጡ ያለው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨሳል። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ተፈትቶ በአዲስ ግሪስ መሞላት ነበረበት። ስለዚህ ቁልቁለቱን «ሪፓክ» አሉት፤ «እንደገና መሙላት» እንደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ ለተራራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ። ስፖርቱ የተወለደበት ቦታ በአሸናፊ ስም ሳይሆን በጥገና ስም መጠራቱ ይገርመኛል።

ለመሆኑ ብሎን ለምን ይላላል? ብዙዎቻችን ብሎን የሚይዘው ጥርሱ ይመስለናል። ብሎን ግን ስውር ሞላ ነው። ስናጠብቀው በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ዕቃዎች አጣብቆ ይይዛቸዋል። ከምናወጣው ጉልበት አሥር ከመቶ ገደማው ብቻ ነው ብሎኑን የሚወጥረው፤ ሌላውን ሰበቃ ይበላዋል። ብሎኑ በቦታው የሚቆየውም በዚሁ ሰበቃ ነው። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ብሎንን ከምንም በላይ የሚፈታው ወደ ጎን የሚመላለስ ንዝረት መሆኑን አሳየ። ዕቃው በጥቂቱ ወደ ጎን በተንሸራተተ ቁጥር ሰበቃው ለቅጽበት ይለቃል፤ ብሎኑም ማንም ሳይነካው ራሱን ይፈታል። ከጋሸና ወዲያ ያለው ጠጠር ያደረገው ይህንኑ ነው። እንደ በቅሎዋ ብሎንም ይተነፍሳል፤ በመጀመሪያው ጉዞ ቀለሙና ሸካራው ገጽ ይረግጥና ውጥረቱ ይቀንሳል።

ሰው ለዚህ ብዙ መላ ፈልጓል። ራይት ወንድማማቾች፣ አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት ብስክሌት ሠሪ ሳሉ፣ በ1900 እ.ኤ.አ. የማይፈታ ፔዳል አቀረቡ። የግራው ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ ስለሚዞር የእግር ምት ከመፍታት ይልቅ ያጠብቀዋል። ዛሬም የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ቨርነን ክሪብል የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር አየር ሲያጣ የሚደርቅ ፈሳሽ አገኘ፤ ሎክታይት የሚባለው ነው። ብዙ ሰው የሚተማመንበት የተሰነጠቀ ሮንዴላ ግን ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የናሳ የብሎን መመሪያ ብሎኑ በደንብ ሲጠብቅ እንዲህ ያለው ሮንዴላ ተጨፍልቆ ከተራው እንደማይለይ ይናገራል።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሥርዐት አበጅቻለሁ። «እስኪጮህ» ማጥበቅ ቀርቷል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ጥርሱ ይበላል፣ ወይም የያዘውን ዕቃ ይሰነጥቃል። ለአብዛኛው የመሪ ብሎን አምስት ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ግማሽ ኩንታል ሳይሆን አምስት ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ጎን ለጎን ያሉ ብሎኖችን አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው አልሄድም፤ በየተራ ጥቂት ጥቂት አጠብቃለሁ። የሚነዘሩትን አጽድቼ፣ ዘይታቸውን ጠርጌ፣ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት አደርጋለሁ። ከዚያ በብሎኑ ራስና በዕቃው ላይ አንዲት ቀጭን የቀለም መሥመር አሰምራለሁ፤ መሥመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሄጄ እቆምና እንደገና እነካካዋለሁ። እንደ ሽማግሌው።

ያን ቀን ከአሸተን ስመለስ ቁልቁል ላሊበላ ከተማን አየሁ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትላልቅ ጥላዎች ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከዝናብ እንዲከላከሉ ለጊዜው ተብለው የቆሙ ናቸው። ዓለቱን የፈለፈሉት ሰዎች መገጣጠሚያ የሌለው ሕንፃ ትተውልናል፤ ቤተ አማኑኤልን ብታዩ እንጨትና ድንጋይ የተደራረበበት ይመስላል እንጂ ሁሉም አንድ ዓለት ነው። ያም ሆኖ ዝናቡ የሚወርድበት ቦይ ፈልፍለውለታል። ቦይ ደግሞ በየክረምቱ የሚጠርገው ሰው ይፈልጋል። ብሎን የሌለው ሕንፃ እንኳ ተመልሶ የሚያየው ይሻል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የላሊበላ ነዋሪዎች «ጥላዎቹ ይወድቁብናል» ብለው ሰልፍ ወጡ። የጥላዎቹ ብሎን ላልቷል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ለጊዜው ተብሎ የቆመን ነገር መቼ ተመልሰን እንደምናየው በተተከለበት ቀን ካልተነጋገርን ጥያቄው አንድ ቀን በሰልፍ ይመጣል ነው። እኛ ምረቃ እናውቅበታለን። ሪባን እንቆርጣለን፣ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሣለን። የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር፣ የመንደሩ የውኃ ፓምፕ፣ የትምህርት ቤቱ ወንበር በዚያ ቀን ጠብቀዋል። ከስድስት ወር በኋላ መፍቻ ይዞ የሚመለሰው ሰው ማን እንደሆነ ግን በምረቃው ንግግር ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ዕቃው ሲቆም «የቻይና ዕቃ!» እንላለን። ብዙውን ጊዜ ዕቃው አልተሰበረም፤ ላልቷል።

ጓደኛዬ እጁ ድኗል፤ እኔንም ይቅር ብሎኛል። ከጊዜ በኋላ እንደገና አብረን ወጣን። ብስክሌቱን ከመኪናው አውርጄ ስሰጠው እንደ ዱሮው «አጥብቀኸዋል አይደል?» አለኝ።

«ገና» አልኩት።

እባካችሁ ላልቶ ይነበብ። አምስት ኪሎ ሜትር ከሄድን በኋላ ቆመን እንደገና አጠበቅነው።