ባለ አንድ ቅጽና ባለ ብዙ ቅጽ ልቦለድ

ሱዳናዊው ደራሲ ጠይብ ሳሊህ «ወደ ሰሜን የስደት ወቅት» የተባለውን ልቦለዳቸውን በ1966 እ.ኤ.አ. በቤይሩት አሳተሙ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ለአንባቢ የቀረበው በዚያው ዘመን፣ በ1958 ዓ.ም. ነበር። ሁለቱም ድርሰቶች በአንድ ቅጽ ተጀምረው በዚያው ያለቁ ናቸው። ጠይብ ሳሊህ በኋላ «በንደርሻህ»ን በሁለት ክፍል ቢያወጡም፣ ስማቸው አስቀድሞ የሚጠራው በዚያ በአንዱ መጽሐፍ ነው።

ይህ ማለት ግን የአማርኛ አንባቢ ተከታታይ ድርሰት አይወድም ማለት አይደለም። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት በሦስቱ የ«ማዕበል» መጻሕፍት ተርከዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም «ራማቶሓራ»ን አስከትሏል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ራሱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ አድማጭ ቀጣዩን ክፍል በናፍቆት የሚጠብቅለት ተከታታይ ሆኖ ነበር።

የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በስደት ነው። ከአገሩ ርቆ በካርቱም ለሚኖር ሰው መጽሐፍ በመንገደኛ እጅ ሲደርስ፣ ሁለተኛው ቅጽ ከመጀመሪያው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ ጦርነት ሲፈነዳ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ደግሞ ሙሉ መደርደሪያ ሊሸከም አይችልም። ከሦስት ቅጽ አንዱ የቀረበት አንባቢ ታሪኩ ይጎድልበታል፤ ባለ አንዱን የያዘ ግን መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ይዞ ይጓዛል። ስደተኛ አንባቢ ባለ አንድ ቅጹን ቢያስቀድም ምክንያቱ ይኸው ነው።