ፓኬጁን ማን አሰናዳው?

«አፕት ኢንስቶል» ብለን ጽፈን ኢንተር ስንመታ፣ በአካል አይተነው የማናውቅ ሰው ያሰናዳው ፕሮግራም ኮምፒውተራችን ውስጥ ይገባል። ያውም ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት፤ «ሱዶ» ማለት ይሄው አይደል? ይሄን እምነት ማን ገነባው? ለኔ ጥሩው መልስ ያለው ዴቢያን ታሪክ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1993 ሊኑክስ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ከርነሉ ብቻውን ደግሞ ምንም አይሠራም፤ ሼሉ፣ ኮምፓይለሩና ኤዲተሩ ተሰብስቦ አብሮ መቅረብ አለበት። ይሄን የሚሰበስበው ነው ዲስትሮ የሚባለው። በጊዜው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤስኤልኤስ በስህተት የተሞላ ነበር። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ በዚህ ተማሮ ኦገስት 16 ቀን 1993 ዴቢያንን መጀመሩን አስታወቀ። ስሙን ያወጣው የፍቅረኛውን የዴብራን ስም ከራሱ ጋር አጋጥሞ ነው።

የመርዶክ ሐሳብ ቀላል ይመስላል፦ ሥራው በግልጽ ይሠራ፣ እያንዳንዱ ፓኬጅም ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው ይኑረው። በጁን 1996 ዴቢያን 1.1 ሲወጣ 474 ፓኬጆች ነበሩት። የቅጽል ስሙ በዝ ነው፤ የቶይ ስቶሪው በዝ። የፕሮጀክቱ መሪ ብሩስ ፔሬንስ ያኔ ፒክሳር ውስጥ ነበር የሚሠራው።

ፓኬጅ ደግሞ ብቻውን አይኖርም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደገፋል። ዲፒኬጂ የሚባለው መሣሪያ የጎደለውን ይነግራችኋል እንጂ ሄዶ አያመጣላችሁም። በማርች 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር የመጣው አፕት ግን አንዱን ስትጠሩት ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስከትሎ ይመጣል። ዛሬ እንደ ቀላል የምናየው ነገር ያኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

እምነቱ ግን ተፈትኗል። በ2006 የዴቢያንን ኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ የሚያሰናዳው ሰው፣ የኮድ መመርመሪያ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስላበዛበት ጥቂት መስመር ኮድ አወጣ። በቅን ልቦና ነው ያደረገው። የወጣው ኮድ ግን የምስጢር ቁልፎች የማይገመቱ እንዲሆኑ የሚያደርገው ነበር። ስህተቱ በሜይ 2008 ሲታወቅ፣ ዴቢያንና ከሱ የተወለደው ኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩት ቁልፎች ለአንድ ዓይነትና መጠን ከ32,768 እንደማይበልጡ ታየ። ይሄ ለኮምፒውተር እኮ ምንም ማለት አይደለም፤ አንድ በአንድ ሞክሮ ይጨርሰዋል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰርቨሮች ቁልፋቸውን መቀየር ነበረባቸው።

በ2024 ደግሞ ነገሩ ተንኮል ነበር። ራሱን ጂያ ታን ብሎ የሚጠራ አካል ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል መጭመቂያ ፕሮጀክት ከሁለት ዓመት በላይ ሲያግዝ ቆይቶ፣ በስተመጨረሻ የኋላ በር አስገባበት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ የሙከራው ዴቢያን ላይ ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ቆፈረ። ኮዱ ወደ ዴቢያን የሙከራ ክፍሎች ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ቅጂ ጋ ግን አልደረሰም።

እኛ ዴቨሎፐሮች «ዴቢያን ላይ ያለው ሁሉ ያረጀ ነው» ብለን እንቀልዳለን። አዲስ ነገር ቶሎ ማግኘት እንፈልጋለን፤ እኔም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ያ የምንስቅበት መዘግየት ሌላ ሰው አይቶ እስኪያረጋግጥልን የምንጠብቀው ጊዜ ነው። የሚያየው ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ 2008 ይሄን አሳይቷል። የሚያይ ሰው ከሌለ ግን ስህተቱን የሚያርመውም የለም።

በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 64,419 ፓኬጆች አሉት። የግዕዝ ፊደልን የሚያሳየው አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ከነዚህ አንዱ ነው። እስቲ «አፕት ሾው» ብላችሁ የፈለጋችሁትን ፓኬጅ ስም ጨምሩበት። ከሚመጣው ጽሑፍ መሀል «ሜይንቴይነር» የሚል መስመር አለ፤ አጠገቡም የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቡድን ስም ተጽፏል። ብዙዎቹ ይሄን የሚሠሩት በነጻ ነው። ቀጣዩን ኢንተር ከመምታታችሁ በፊት ያን ስም አንድ ጊዜ አንብቡት።